ሠዓሊውና የዓይኑ ሞራ

ለሠዓሊ ዓይን የሥራ መሣሪያው ብቻ አይደለም፤ የዘመናት ዕውቀቱ የተከማቸበት ጎተራም ነው። ሸማኔ ክንዱ ቢዝል ልጁ ይተካዋል፤ የሠዓሊ ዓይን ሲፈዝ ግን በእርሱ ዓይን የሚያይለት ሌላ ሰው አይገኝም። በዚህም ምክንያት የሥዕል ታሪክ ስለ ሸራና ስለ ቀለም ብቻ ሳይሆን አልፎ አልፎ ስለ ሕመምና ስለ ሕክምናም እንዲናገር ይገደዳል። ከዚህ ዓይነቱ ታሪክ መካከል በሰነድ ረገድ እጅግ የተሟላው የፈረንሳዊው የክሎድ ሞኔ ነው።

ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1840 ዓ.ም. በፓሪስ ተወልዶ በወደብ ከተማዋ በለ ሃቭር አደገ። በ1874 ለሕዝብ ያቀረበው የፀሐይ መውጫ ሥዕል ኢምፕሬሽኒዝም ለተባለው የሥዕል እንቅስቃሴ ስም አስገኘ። የሞኔ ጥበብ መሠረቱ የብርሃን ለውጥ ነበር፤ አንዱን የሣር ክምር ወይም የሩዋንን ካቴድራል ፊት በጧት፣ በቀትርና በምሽት እየደጋገመ የሣለው ቅርጹን ለማሳየት ሳይሆን በላዩ የሚያልፈውን ብርሃን ለመያዝ ነው። ከ1883 ጀምሮ በኖረባት በዢቬርኒ መንደር የአትክልት ሥፍራና ኩሬ አበጅቶ፣ በውኃው ላይ የሚንሳፈፉትን አበቦች የሕይወቱ ዋና ርእስ አደረጋቸው።

ይህ ሰው በ1912 የፓሪስ ሐኪሞች በሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ሞራ መኖሩን አረጋገጡለት። ‹‹ሞራ›› የሚለው የአማርኛ ስም በመጨረሻ በብሌን ውስጥ የሚታየውን ነጣ ያለ ግርዶሽ በሚገባ ይገልጻል። ነገር ግን ሕመሙ ወደዚያ ደረጃ ከመድረሱ ከረጅም ጊዜ አስቀድሞ፣ ከብሌን ኋላ የሚገኘው ጥሩ የዓይን ሌንስ ቀስ በቀስ ይደፈርሳል፤ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ ይለወጣል። ቢጫ መስታወት ሰማያዊውን ብርሃን እንደሚያስቀር ሁሉ፣ የደፈረሰው ሌንስም ሰማያዊንና ሐምራዊን ከባለቤቱ ይሰርቃል። ይህ ለሌላው ሰው ጥቂት ችግር ይሆናል፤ የውኃንና የጥላን ሰማያዊ ሲያጠና ለኖረ ሠዓሊ ግን የሥራው ግማሽ መጥፋት ነበር።

መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ብቻ መሆኑ ቢነገረውም ሞኔ አሥር ዓመት ሙሉ አመነታ። ይህን ማመንታት እንደ ተራ ፍርሃት መቁጠር ተገቢ አይደለም። በጥንቱ ዘመን የሞራ ሕክምና የደፈረሰውን ሌንስ በመርፌ ገፍቶ ወደ ዓይን ውስጥ መጣል ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣክ ዳቪዬል በ1747 ሌንሱን ከዓይን የማውጣትን ዘዴ ቢያስተዋውቅም፣ አደጋው ወዲያው አልተወገደም። ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ በ1750 ጆን ቴይለር በተባለ ተዘዋዋሪ ሐኪም ሁለት ጊዜ ዓይኑን ከተቀደደ በኋላ፣ ሳይድን በዚያው ዓመት ሞተ። ለሞኔ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የሙያ ጓደኛው የሜሪ ካሳት ነበር፤ ተደጋጋሚው ቀዶ ሕክምና ወደ ሥዕሏ አልመለሳትም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሞኔን ያሠጋው ሌላ ጉዳይ ነው። ዓይኑ ቢበራ እንኳ የሚያየው ቀለም የድሮው ባይሆንስ?

በመሆኑም በሽታውን በዘዴ ለመቋቋም ሞከረ። በቀለም ገበታው ላይ ቀለሞቹን ዘወትር በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል አሰለፈ፤ የቀለም መያዣዎቹን በጽሑፍ ለየ፤ የቀትርን ብርሃን ሸሽቶ ሰፊ ባርኔጣ ደፋ። ባለቤቱ በ1911፣ የመጀመሪያ ልጁ በ1914 ሞተውበት ነበርና ሐዘኑም በላዩ ነበር። በዚያ ዘመን የተሣሉት የጃፓናዊው ድልድይ ሥዕሎች በቀይና በቡናማ ቀለም የተጥለቀለቁ ናቸው። ሞኔ ራሱም ያልረኩበትን ሸራዎች ቀደደ፤ አቃጠለም።

ቁርጥ ውሳኔ ላይ ያደረሰው ለሕዝብ የገባው ቃል ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግሥት፣ ኅዳር 12 ቀን 1918፣ ሞኔ ለወዳጁ ለጠቅላይ ሚኒስትር ዦርዥ ክሌማንሶ ደብዳቤ ጽፎ የሰላሙ መታሰቢያ የሚሆኑ ሥዕሎች ለመንግሥት ለመስጠት ፈቃደኛነቱን ገለጠ። ስጦታው እየሰፋ ሄዶ ሚያዝያ 1922 በውል ታሰረ፤ ታላላቆቹን የውኃ አበባ ሥዕሎች በሁለት ዓመት ውስጥ ማስረከብ ነበረበት። በዚያው ዓመት መስከረም ወር የዓይን ሐኪሙ ሻርል ኩቴላ ሲመረምረው የቀኝ ዓይኑ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት አያልፍም፤ የግራው የማየት ኃይል አንድ አሥረኛ ብቻ ነበር። ብሌንን የሚያሰፋው ጠብታ ለጥቂት ሳምንታት ተስፋ ሰጠው፤ ወዲያው ግን ኃይሉ አለቀ። ክሌማንሶ በሙያው ሐኪም ነበርና ለወዳጁ የሚያጽናና ቃል ብቻ ሳይሆን በዕውቀት የተደገፈ ምክር ለገሰው። ሞኔም በሰማንያ ሁለት ዓመቱ ተስማማ።

በጥር 1923 በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በኔዪ የቀኝ ዓይኑ ሌንስ ወጣ። የዛሬው ረቂቅ ስፌት ባልነበረበት በዚያን ጊዜ ቁስሉ የሚድነው በፍጹም ዕረፍት ነበር፤ ሕመምተኛው ዓይኑ ታስሮ ለቀናት ሳይንቀሳቀስ በጀርባው መተኛት ይገባዋል። ሥራ ፈትቶ የማያውቀው ሽማግሌ ይህን ሊታገሥ አልቻለም፤ ተቆጣ፤ ማሰሪያውንም ለመፍታት ታገለ። ያስታመመችው የባለቤቱ ልጅና የሟቹ ልጁ ሚስት የነበረችው ሠዓሊዋ ብላንሽ ኦሼዴ ናት።

ወራት አልፈው ዓይኑ ሊጠራ ሲገባው እንደገና ደፈረሰ። ሌንሱ ሲወጣ በስፍራው የቀረው ስስ ከረጢት ጠቁሮ ሁለተኛ ሞራ ሆነ። ሞኔ በሰኔ ወር ለኩቴላ በጻፈው ደብዳቤ በቀዶ ሕክምናው መስማማቱ እንደሚጸጽተው፣ ባይቀደድ ኖሮ ሥዕሎቹን ይጨርስ እንደነበረ በምሬት ገለጠ። በሐምሌ ወር ሐኪሙ ወደ ዢቬርኒ ሄዶ ያን ከረጢት ሰነጠቀለት። ብርሃን ገባ፤ ችግሩ ግን መልኩን ለወጠ እንጂ አላበቃም።

ሌንስ የሌለው ዓይን የሚያየው በወፍራም መነጽር ነው፤ መነጽሩም ነገርን ሁሉ ከመጠኑ ያገዝፋል። አንዱ ዓይን አግዝፎ፣ ሌላው በነበረው መጠን ሲያይ ሁለቱ ምስሎች አይገጥሙም። ስለዚህ ሞኔ አንዱን ዓይን ሸፍኖ መሥራት ነበረበት። ቀለሙም ቢሆን እንደ ሠጋው ሆነ፤ መጀመሪያ ሁሉ ነገር ቢጫ መሰለው፤ በኋላ ደግሞ ሰማያዊው በዛበት። ለዓመታት በደፈረሰው ሌንስ ታግዶ የኖረው ሰማያዊ ብርሃን አሁን ያለ ከልካይ ይገባ ነበርና። ከዚያ ዘመን የተረፉት የመኖሪያ ቤቱ ሥዕሎች ከፊሎቹ ሰማያዊ፣ ከፊሎቹ ቀይና ቢጫ ስለሆኑ፣ አጥኚዎች የሁለቱን ዓይኖች ልዩነት የሚመሰክሩ አድርገው ይመለከቷቸዋል። ቀለም የተቀቡ መነጽሮች እየተለዋወጡ ተሞከሩለት። የግራ ዓይኑን ግን ዳግመኛ ለቢላዋ አልሰጥም አለ። የሚያስታውሰው ዓለም የሚገኘው በዚያ ዓይን ውስጥ ነበር።

እዚህ ላይ ከሐኪሙ እጅ የወጣው ሥራ በሠዓሊው እጅ ላይ ወደቀ። ኩቴላ ብርሃኑን መለሰለት፤ ማየትን ግን ሞኔ ራሱ እንደ ተማሪ ከፊደሉ ጀምሮ መማር ነበረበት። ቀነ ቀጠሮው አለፈ፤ ሠዓሊው ተስፋ ቆርጦ ስጦታውን ሊያፈርስ ቃጣ። ክሌማንሶም ቃሉን ያጥፍ እንደሆነ ወዳጅነታቸው እንደሚያከትም በቁጣ አስታወቀው። ሞኔ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1925 የተሻለ መነጽር ሲያገኝ የቀለሙ መዛባት ረግቦ፣ ዓይኑ እንደ አዲስ እንደ ተመለሰለት ለወዳጆቹ በደስታ ጻፈ፤ የውኃ አበቦቹንም ያርም ጀመር።

ሞኔ ታኅሣሥ 5 ቀን 1926 በሰማንያ ስድስት ዓመቱ በሳንባ ሕመም ሞተ። ሥዕሎቹን እስከ ዕለተ ሞቱ አላስረከበም። በግንቦት 1927 በፓሪስ የኦራንዠሪ ቤተ መዘክር ሁለት ሞላላ አዳራሾች ለሕዝብ ተከፈቱ። በግድግዳዎቻቸው ላይ ስምንት ሥዕሎች፣ ቁመታቸው ሁለት ሜትር፣ የሁሉም ርዝመት በአንድነት ወደ መቶ ሜትር የሚጠጋ፣ ተመልካቹን ከብበው ይታያሉ። በታመመ ዓይን የተጀመረውን፣ በሚድን ዓይን የታረመውን ለይቶ ማመልከት አስቸጋሪ ነው፤ ውኃው ሁሉንም አዋሕዶታል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ በ1949 ሰው ሠራሽ ሌንስ በዓይን ውስጥ ከተከለ ወዲህ፣ ሞኔን ያሠቃየው ወፍራም መነጽር አስፈላጊነቱ ቀንሷል፤ ዛሬ ሕክምናው በደቂቃዎች የሚፈጸም ነው። የሆነው ሆኖ ሞራ በዓለምም ሆነ በአገራችን ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት ምክንያት እንደሆነ ይገኛል። ከሐኪሙ ደጅ ደርሶ የሚያመነታ አረጋዊም ዛሬም አለ። ያን ሰው ፈሪ ብሎ መገሠጽ አይበጅም፤ የሚያሠጋው ምን እንደሆነ ጠይቆ፣ ከውሳኔው በፊት እንደ ክሌማንሶ መምከር፣ ከውሳኔው በኋላ እንደ ብላንሽ አጠገቡ መቀመጥ ያሻል። የዓይን መዳን በአንድ ቀን አይፈጸምም፤ ሞኔ የተሰጠውን ብርሃን የራሱ ለማድረግ ሁለት ዓመት ያህል ወስዶበታል።