በረሃው ሰፊ፣ ማቆሚያው ጠባብ

ዛሬ ስለ ሰመርሊን ትንሽ ላውጋችሁ። ቱጃሩ ሀዋርድ ሂዩዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲገዛው 25 ሺህ ኤከር ገደማ ባዶ በረሃ ነበር። ስሙ የአያቱ፣ የአባቱ እናት፣ የቤተሰብ ስም ነው። ሰፈሩ መሠራት የጀመረው ቆይቶ፣ ሁሉም ሰው መኪና በያዘበት ዘመን ነው። ስለዚህ ለባለመኪና ተቀየሰ፤ ሐኪም ዘንድም የሚኬደው በመኪና ነው።

ታዲያ በዚያ ሁሉ በረሃ ላይ፣ በቀጠሮ ሰዓት ለአንዲት መኪና ቦታ ይጠፋል! ልጅ ማቆሚያ ፍለጋ ሲዞር፣ እንግሊዝኛ የማይችሉት እናት ብቻቸውን መስኮቱ ጋ ይቆማሉ። ስማቸው ሲጠራ ማን ይመልስላቸው?

ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንዱ ይንዳ፣ አንዱ ከእማማ ጋር ይግባ። ሁለተኛ ሰው ካጣችሁ ጎረቤት ለምኑ፤ ለቡና የምንጠራራውን ያህል ለቀጠሮም እንጠራራ።