ስምንት ዓመት የፈጀው የምስክርነት ደብዳቤ



አንዳንድ ወላጆች ልጃቸውን ይዘው ይመጡና «ዶክተር፣ ልጄ ሕክምና ልትማር ነው፤ አንድ ሪኮመንዴሽን ይጻፉላት» ይሉኛል። አገር ቤት ወደ ሕክምና ትምህርት የሚያስገባው በዋናነት የፈተና ውጤት ነው። አሜሪካ ለሚያመለክቱ ልጆች ግን ከውጤቱ በተጨማሪ ያስተማሯቸው ፕሮፌሰሮችና አብረው የሠሩ ሐኪሞች የሚጽፉት የምስክርነት ደብዳቤ ይጠየቃል። ስለዚህ ወላጅ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ችግሩ፣ እኔ ልጅቷን የማውቃት ጉንፋን ይዟት ስትመጣ ብቻ ነው። ታዲያ ምን ብዬ ልመስክር?

መልሴን በሁለት ሰዎች ታሪክ ልንገራችሁ። ሁለቱም ታሪኮች የተፈጸሙት አሜሪካ፣ ቦስተን ከተማ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ማርቲን ዴላኒ ይባላል። ጥቁር አሜሪካዊና ጋዜጠኛ ሲሆን፣ ፒትስበርግ ከተማ ውስጥ በሐኪሞች ሥር እየሠራ ሕክምናን ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1850 ሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ሲያመለክት የ17 ሐኪሞችን ደብዳቤ ይዞ ነበር። ተቀበሉት። ከእሱ ጋር ሌሎች ሁለት ጥቁር ተማሪዎችም ገቡ። ብዙም ሳይቆይ አንዳንድ ነጭ ተማሪዎች ተቃውሞ ፈርመው አቀረቡ፤ ትምህርት ቤቱም ሦስቱ የጀመሩትን ወቅት ጨርሰው እንዳይመለሱ ወሰነ። ደብዳቤዎቹ ጉድለት አልነበረባቸውም። በሩን ከፍተውለታል፤ የሰውን ጥላቻ ግን ማስቆም አልቻሉም።

ሁለተኛዋ ርብቃ ሊ ክራምፕለር ናት። ያሳደገቻት አክስቷ የጎረቤት ሕሙማንን ትረዳ ስለነበር፣ ርብቃ ከልጅነቷ ጀምሮ የታመመ ሰው ሲታገዝ እያየች አደገች። ካደገች በኋላ ቦስተን አጠገብ ቻርልስታውን በምትባል ከተማ በነርስነት ሠራች። ያኔ እንደ ዛሬው የነርስ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ሙያውን የተማረችው ከታማሚው አልጋ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 አብራቸው የሠራች ሐኪሞች ለኒው ኢንግላንድ የሴቶች የሕክምና ኮሌጅ መምህራን ደብዳቤ ጻፉላት፤ ገባች። ትምህርቷን ሳትጨርስ ባሏ በቲቢ ሞተ። እሷ ግን በ1864 ተመረቀችና በአሜሪካ በሕክምና ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች።

ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ወደ ሪችመንድ ሄዳ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎችን አከመች። በ1883 ደግሞ ስለ ሕፃናትና ስለ ሴቶች ጤና ለእናቶችና ለነርሶች የሚሆን የምክር መጽሐፍ አሳተመች። ስለ ደብዳቤዎቹ የነገረችንም በዚሁ መጽሐፍ መግቢያ ላይ ነው። ልብ በሉ፣ እዚያ ቦታ ላይ የሐኪሞቹን ስም አልዘረዘረችም። የጻፈችው ዓመቱን ነው፤ ከ1852 እስከ 1860፣ ስምንት ዓመት።

ውድ ወላጆች፣ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ደብዳቤው የተጻፈው በአንድ ቀን ቢሆንም የተሠራው ግን በስምንት ዓመት ነው። ስለዚህ፦

1. ትልቅ ስም ያለው ሰው ፍለጋ አትድከሙ። ልጃችሁን የማያውቅ ሰው የሚጽፈው «ጎበዝ ናት» ብቻ ነው፤ አንባቢውም ወዲያው ይለየዋል።

2. ልጃችሁ ጥያቄ የምትጠይቅበት፣ ተሳስታ የምታርምበት፣ ደክሟት እንኳ ሥራዋን የማታቋርጥበት ቦታ ትኑር። ያንን ያየ መምህር የሚጽፈው አያጣም።

3. ደብዳቤውን ቀደም ብላ፣ ራሷ ትጠይቅ። እናት ወይም አባት ሲጠይቁላት ምስክርነቱ ከጅምሩ ይደክማል።

4. ደብዳቤ ተይዞም በሩ ሊዘጋ ይችላል። ያኔ ልጃችሁን «አልቻልሽም» አትበሏት፤ የዴላኒን ታሪክ ንገሯት።

እኔም የማላውቃትን ልጅ «አውቃታለሁ» ብዬ የማልፈርመው ጨክኜ አይደለም። ነገ መርፌ ይዛ ከፊታችሁ፣ ወይም ከልጃችሁ አልጋ አጠገብ የምትቆመው እሷ ናት። ያን ቀን ፊርማዬ እውነት እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ሕክምና መማር የሚፈልግ ልጅ ላለው ወዳጃችሁ አጋሩት።