ቴሌቪዥን የሚያየው ሕዝብ ማነው?

«ሕዝቡ ነገሩን በቴሌቪዥን አይቶታል» ሲባል ዘወትር ትሰማላችሁ፤ ምናልባትም እናንተ ራሳችሁ በደብዳቤ ጽፋችሁት ይሆናል። ነገር ግን ሕዝብ የተባለው ማን እንደ ሆነ፥ ብዛቱስ ምን ያህል እንደ ሆነ መርምራችሁ ታውቃላችሁን?

ቴሌቪዥን በሀገራችን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ ሥዕሉም ያን ጊዜ ከከተማይቱና ከአካባቢዋ አያልፍም ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ተመልካች መሣሪያውን ለመግዛት ዐቅም፥ ለማብራትም ኤሌክትሪክ ያለው የከተማ ሰው ነበረ።

ከዋና ከተማይቱ ርቀው ለሚገኙት ለጋይንት፥ ለስማዳና ለእስቴ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። በምድር ላይ የሚሠራጨው የቴሌቪዥን ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳልና ተራራ ይጋርደዋል፤ በዚያ አገር ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው ጉና ቆሟል፤ ቆላውም በገደል የተከበበ ነው። ኋላ ሳተላይት ከሰማይ ማሠራጨት ሲጀምር ተራራው መጋረዱን ተወ፤ የመሣሪያው ዋጋና የኤሌክትሪክ እጦት ግን ለብዙው ገበሬ እንቅፋት ሆነው ቀሩ።

እንዲህ ባለ አገር ተመልካችን በመሣሪያ ቁጥር መለካት ስሕተት ነው። በትንንሽ ከተሞቻችን የኳስ ጨዋታ በሚታይበት ምሽት አንዱ መሣሪያ የሰፈሩን ወጣት ሁሉ ይሰበስባል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» የተባለው ትምህርት ሲጀመርም በአንድ መስተዋት ፊት ክፍል ሙሉ ተማሪ ተቀመጠ። እንግዲህ መሣሪያን ብቻ የቆጠረ ተመልካቹን ያሳንሰዋል።

ይሁን እንጂ የተሰበሰበውን አይቶ «ሁሉም አየ» ያለ ደግሞ ያበዛዋል። በሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ የሚታየው ይበልጡን ወንድና ወጣት ነው፤ እናት በምድጃዋ ዘንድ፥ እረኛውም ከከብቱ ጋር ቀርተዋል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነው ውስጥ፥ በመላ ሀገሪቱ ከ100 ሴቶች 74ቱ፥ ከ100 ወንዶችም 62ቱ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ጋዜጣ የማያነቡ፥ ራዲዮ የማይሰሙ፥ ቴሌቪዥንም የማያዩ ሆነው ተገኝተዋል።

የጥንቱ አዋጅ ነጋሪ ነጋሪቱን ይዞ ገበያ ይወጣ የነበረው ሕዝቡ ከዚያ ስለሚገኝ ነው። ስለ ክትባት ወይም ስለ ግብር በቴሌቪዥን አስነግራችሁ «ሕዝቡ ዐውቋል» በማለት መዝገቡን ከመዝጋታችሁ በፊት፥ ይህን ነጋሪ አስቡት። በገበያው፥ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ደጅ አሁንም የሚጠብቃችሁ ብዙ ሰው አለና።