ሥልጣን በዘር ይወረሳልን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ከገዢ ቤት የተወለደ ሰው አስተዳደርን ከሕፃንነቱ እያየ ስለሚያድግ የተሻለ ይገዛል፣ ወራሹ በትውልድ ከታወቀም ሽኩቻ አይኖርም የሚሉ ወገኖች አሉ። እስቲ የጎንደርን ታሪክ እንመርምር።

ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 በዐፄ ፋሲለደስ ከተቆረቆረች በኋላ የነገሥታት ወንዶች ልጆች ወህኒ በሚባለው አምባ ይታሰሩ ነበር። ጥፋታቸው የንጉሥ ልጅ መሆናቸው ብቻ ነው! ዘር ሽኩቻን የሚያስቀር ቢሆን ወንድም ወንድሙን ባላሳሰረ ነበር። ከአምባው ወርዶ የሚነግሠውም እስርን እንጂ አስተዳደርን ሲማር አላደገም።

በዚሁ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1668፣ በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን፣ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። ርስት የተነፈጉት አባቶቻችን በንግድና በሽመና ኖሩ። እዚህ ላይ ደግሞ ትውልድ የበደል ምክንያት ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን አስገደሉ። እስከ 1855 በዘለቀው ዘመነ መሳፍንት ዘውዱ በዘር ሐረግ ቢቀጥልም ሥልጣኑ ጦር ባለው እጅ ገባ። ቀዳማዊ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ከ1779 እስከ 1800 ባለው ጊዜ ደጋግመው ነገሡ፤ ደጋግመውም ወረዱ። የመሳፍንቱን ጦርነት የከፈለው ገበሬው ነበር።

ይህን ዘመን የዘጉት የቋራው ካሣ ናቸው። ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ግን እርሳቸውም ከሰሎሞን ዘር ቆጠሩ። ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ አዘዙ፤ በ1866ም ጎንደርን አዘርፈው አቃጠሉ። ስለዚህ ከተራ ቤት መወለድም ብቻውን ፍትሕን አያመጣም።

ታዲያ መለኪያው ምንድን ነው? ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) መሪነት ለዘራቸውም እንዲሆን በጠየቁ ጊዜ የአላህ ቃል ኪዳን በዳዮችን እንደማያገኝ ተነግሯቸዋል (አል-በቀራህ 124)። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ሊሞቱ ሲሉ ምርጫውን ለስድስት ሶሓቦች ሹራ ሰጡ። ልጃቸው ዐብዱላህ እንዲማከሩት እንጂ እንዲመረጥ አልፈቀዱም። በኋላ ኸሊፋነት በበኑ ኡመያ ቤት ውርስ ሲሆን በሙስሊሞችም መካከል ደም ፈሰሰ።

ውድ አድማጮቻችን! የመስጂድ ኮሚቴ ስንመርጥም ሆነ ልጅ ስንድር «የማን ልጅ ነው?» ከማለታችን በፊት «አማናን ይጠብቃልን?» እንበል። ለልጆቻችንም የአያት ስም ብቻ ሳይሆን ዕውቀትና ተቅዋን እናውርሳቸው።

ወላሁ አዕለም።