ከ«ምን ይልህ ሸዋ» እስከ «ምኒልክ»

የሰው ስም የወላጅ ምኞት መግለጫ ብቻ ሳይሆን የዘመኑ ማኅበራዊ ኑሮ ምስክርም ነው። በነሐሴ 1836 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ በአንጎለላ ለተወለደው ሕፃን የወጣው ስም ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ይሆናል።

የሕፃኑ አባት የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት፣ እናቱም በቤተ መንግሥቱ አገልጋይ እንደነበሩ የሚነገርላቸው እጅጋየሁ ናቸው። የእናቲቱ ስም ራሱ «እጅግ አየሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ነው፤ በአማርኛ ወላጅ ደስታውንም ብሶቱንም በልጁ ስም መናገሩ የቆየ ልማድ ነውና። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ለሕፃኑም መጀመሪያ የወጣለት ስም «ምን ይልህ ሸዋ» ነበር። ልዑል ከአገልጋይ ወለደ የሚለውን የመኳንንት ሐሜት የፈራ ስም ነው። አያቱ ሣህለ ሥላሴ ግን «ምኒልክ» ይባል ብለው አዘዙ። የክርስትና ስሙ ሣህለ ማርያም ሆነ።

«ምኒልክ» የሚለው ስም ምንጩ ሩቅ ነው። ክብረ ነገሥት የንግሥተ ሳባን ልጅ «በይነ ልሕክም» ይለዋል። ሊቃውንት ይህንን ከዐረብኛው «ኢብን አል ሐኪም»፣ ማለትም «የጠቢብ ልጅ» ከሚለው ሐረግ ጋር ያያይዙታል፤ «ምኒልክ»ንም ከዚሁ ሐረግ የመጣ ነው ይላሉ።

በዘመነ መሳፍንት የጎንደር ነገሥታት ሥልጣን በመሳፍንት እጅ ወድቆ ነበር። የሸዋ ገዢዎች በበኩላቸው ዘራቸውን ከሰሎሞን ይቈጥሩ ነበር፤ ሣህለ ሥላሴም «መርዕድ አዝማች» የሚለውን የቀደምቶቻቸውን ማዕርግ ትተው አንኮበር ላይ «ንጉሥ» ተባሉ። ስለዚህ ከቀዳማዊው ወዲህ አንድም ንጉሠ ነገሥት ያልነገሠበትን ስም ለልጅ ልጅ ማውጣት የዙፋን ጥያቄ ማንሣት ነበር። ንጉሡ ስሙን መጀመሪያ ለራሳቸው ተመኝተው አንድ መነኩሴ ለልጅ ልጅዎ ነው ብለው እንደ ከለከሏቸውም ይተረካል።

ባለ ስሙ በ1848 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቆ፣ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ ሸዋ ገባ። በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ተብሎ ነገሠ።

ስሙ በሕዝብ ዘንድ እንደ አበበና ተሾመ አልበዛም። ሆኖም በኪነ ጥበቡ መድረክ ድምፃዊው ምኒልክ ወስናቸው፣ በባሕር ማዶም ባርቤዶስ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር የሠራው የፊልም ባለሙያ ምኒልክ ሻባዝ ታውቀውበታል። ከአንጎለላ የወጣውን ስም በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ የነጻነት መጠሪያ ያደረገው የአያት ትእዛዝ ወይም የመነኩሴ ትንቢት አይደለም፤ በ1888 ዓ.ም. ስንቁን ተሸክሞ ወደ አድዋ የዘመተው ገበሬ ነው።