የባሕር ማሽላ በጓሮ ዳር

ሣር ሲባል ትዝ የሚለን ከብት የሚግጠው፣ አለዚያም በበዓል ቀን የሚጐዘጐዘው ነው። ዕፀዋትን የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን በቆሎንና ማሽላንም ከሣር ወገን ይቈጥሯቸዋል። ሁለቱም በአንድ ዓመት በቅለው፣ ከሰው ቁመት በላይ ረዝመው፣ አፍርተው ይደርቃሉ። በክረምት ወደ ነቀምቴ፣ ወደ ጊምቢ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ የሄደ እንግዳ በየጓሮው ዳር እንደ አረንጓዴ አጥር ተሰልፈው ሲያያቸው፣ ለእሸት ብቻ ሳይሆን ለግቢ ጌጥ የተዘሩ ይመስለዋል።

ማሽላ የቅርብ ጎረቤታችን ነው፤ በምሥራቅ ሱዳን ከ5,000 ዓመት በፊት ይዘራ እንደ ነበር በቁፋሮ ታውቋል። በቆሎ ግን ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው። የተገኘው በሜክሲኮ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1492 ዓ.ም. ኮሎምቦስ ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ በዓለም ተሠራጨ። አባቶቻችንም ባዩት ጊዜ «የባሕር ማሽላ» አሉት፤ በመልኩ ማሽላን መስሎ፣ ከባሕር ማዶ መጥቷልና። በ19ኛው ምዕት ዓመት አውሮፓውያን ቅጠሉ ነጭና አረንጓዴ መስመር ያለውን በቆሎ ለዓይን ደስታ ብቻ በአትክልት ቦታቸው ተክለው ነበር። እኛ ግን ዓይንንና ሆድን ለይተን አላየንም።

ወለጋ ዝናብ ያልተነፈገው አገር ስለ ሆነ እንግዳው ባለቤት ሆነ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. ከባኮ የምርምር ጣቢያ የወጣው ቢ ኤች 660 የተባለ የተዳቀለ ዘር ምርቱን ከፍ አደረገው። ይህ ዘር ቁመቱ ረጅም፣ የሚያብበውም ዘግይቶ ነው።

ከዚያ በኋላ ያልታሰበ ነገር ተገለጠ። በጎጃም በቡሬ አካባቢ በተደረገ ጥናት፣ በቆሎ በሚበዛበት ስፍራ ወባ እጅግ በዝቶ ተገኘ። ምክንያቱም የአበባው ብናኝ በአቅራቢያው ባለ ኵሬ ላይ ሲያርፍ የወባ ትንኝ እጭ ይመገበዋል፤ ተመግቦም ፈጥኖ ያድጋል። ዘግይቶ የሚያብበው ዘር ደግሞ ብናኙን የሚያፈሰው ዝናቡ ሲያባራ፣ ትንኙም በሚራባበት ጊዜ ነው።

እንግዲህ በቆሎው ይነቀል አንልም። ነገር ግን ወባ ባለባቸው፣ ወደ ዲዴሳ ሸለቆ ዝቅ ባሉት ስፍራዎች፣ በቆሎውን ከቤትና ከረጋ ውሃ ማራቅ፣ ጭቃ የተቈፈረበትንም ጕድጓድ መድፈን ይገባናል። እንግዳን የተቀበለ ሰው ስሙን ብቻ ሳይሆን አመሉንም ማወቅ አለበት።