ሠላሳው እኛ ነን

«ምን ተማራችሁ?»

«ታሪክ።»

«ጥሩ ነው… እና ምን ልትሠሩበት ነው?»

ይህን ጥያቄ ያልተጠየቀ የሶሻል ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። እኛ ሠርግ ቤት ተጠይቀናል፣ ለቅሶ ቤት ተጠይቀናል፣ ታክሲ ውስጥ ሒሳብ ስንከፍል ሳይቀር ተጠይቀናል።

ጥያቄው የጎረቤት ብቻ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. መንግሥት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡ መቶ ተማሪዎች ሰባው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ደግሞ የማኅበራዊ ሳይንስና የሰብዓዊ ጥናት እንዲሆኑ ወሰነ። «ሰባ ሠላሳ» የተባለው ይኼ ነው። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ያኔ ገና ሕፃን ነበር። ምክንያቱም አልጠፋንም፤ አገር መንገድ፣ ግድብና ፋብሪካ ትፈልጋለች። ማን ይጠላል? ሠላሳው ምን ይጠቅማል ለሚለው ግን ጎጃም በ1960 ዓ.ም. በደም መልስ ሰጥቶበታል። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

ደብረ ማርቆስ ገና «መንቆረር» በምትባልበት ዘመን ዙሪያዋ ተማሪ ነበረው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንጠልጥሎ ከሩቅ አገር ይመጣል። ቁራሽ ይለምናል፣ ቅኔ ይቆጥራል። ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ትናንት የተናገረውን ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ በየቀኑ አዲስ ሐሳብ፣ በየቀኑ ሰምና ወርቅ ይጠበቅበታል። የኔታም በጓደኞቹ ፊት ያርሙታል። እኛ ፍሬሽ እያለን «ክሪቲካል ቲንኪንግ» ብለን ለአንድ ሴሚስተር የምንወስደውን እሱ ለዓመታት ኖሮበታል።

ያን ተማሪ የቀለበው ደግሞ ገበሬው ነው። ውሻ የለቀቀበት አይጠፋም፤ «ተመርቀህ ምን ትሠራበታለህ?» ብሎ ቁራሽ የከለከለው ግን ብዙ አይመስለንም። ጉድለት አልነበረውም አንልም። በሩ ለሴቶች ዝግ ነበር ማለት ይቻላል፤ ዐይነ ስውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዛሬም በተለየ ሁኔታ የሚነሡት ለዚህ ነው።

ከእነዚህ ጉባኤዎች ከወጡት አንዱ በ1902 ዓ.ም. እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ አለማየሁ ናቸው። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ተምረዋል፤ በኋላ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆነዋል። በ1958 ዓ.ም. ከታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙዎቻችን ይዘን የቀረነው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ነው። መጽሐፉ ውስጥ ግን ሌላም ታሪክ አለ። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጭ ተጨማሪ ሲጠይቋቸው ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ይላሉ።

ልብ ወለድ ነው አይደል? ሁለት ዓመት ቆዩ።

በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ሊያስገምት ሰዎች ወደ ጎጃም ላከ። አዲስ አበባ ላይ ጉዳዩ የገቢ ጉዳይ ነበር። ገበሬው ግን የሰማው «ቃላድ» ነው። መሬት ተለካ ማለት ርስት ተነቀለ ማለት ነው ብሎ አመነ፤ ደቡብ ውስጥ ልኬት ምን እንዳስከተለ ሰምቷልና። የሹማምንቱ በደል ተጨመረበት። ሞጣና ደጋ ዳሞት ሸፈቱ። ጦር ዘመተ፣ ሰው ሞተ፣ መንደር ተቃጠለ። መጨረሻ ላይ የግብር ውዝፉ ተሰረዘ፣ ጠቅላይ ገዥውም ተነሡ። ያ ሁሉ ደም ፈሶ መንግሥት የተመለሰው ወደ ተነሣበት ቦታ ነው።

ነገሩ የሚቆጨን እዚህ ላይ ነው። በዚያው በ1950ዎቹ አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ርስትን ያጠና ነበር። ርስት በእናትም በአባትም ከአቅኚው አባት ተቆጥሮ የሚመጣ መብት መሆኑን፣ አንድ ሰው በብዙ ቦታ፣ ብዙ ሰው ደግሞ በአንድ ማሳ ላይ ሊጠይቅ እንደሚችል ጻፈ። እንዲህ ያለውን መሬት «ይህ የእገሌ ነው» ብሎ መዝገብ ላይ ማስፈር አገር የሚያስነሣው ለምን እንደሆነ ከዚያ ይገባል። መጽሐፉ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። አመጹ ካለፈ በኋላ፣ ያውም በእንግሊዝኛ። የአመጹን ታሪክ በሰፊው የጻፈው ገብሩ ታረቀም መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው።

እንግዲህ የሠላሳው ሥራ ይህ ነው፤ ዕውቀቱ ከደሙ በፊት እንዲደርስ ማድረግ። ርስት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቀርቷል፤ የመሬት ጥያቄ ግን አልቀረም። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ሶሲዮሎጂ ወይም ታሪክ የምትማር የገበሬ ልጅ ሆበን ቋንቋ ተምሮ፣ አገር አቋርጦ የፈለገውን ከአያቷ ጋር ቡና እየጠጣች ልትጠይቅ ትችላለች። ዩኒቨርሲቲው በሐዲስ አለማየሁ ስም የባህል ጥናት ተቋም አለው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ያንን ዕድል «ሌላ ዲፓርትመንት አልደረሰኝም» እያልን፣ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ እየቀዳን እናባክነዋለን። ይህ ጥፋት የሰባ ሠላሳ አይደለም፤ የራሳችን ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ለቅሶ ቤት «ምን ልትሠሩበት ነው?» ስንባል መልሳችን አጭር ነው። ሰባው መንገዱን ይቀይስ። እኛ ደግሞ መንገዱ የሚያልፍበት ማሳ የማን እንደሆነ፣ ባለቤቱም ምን እንደሚፈራ ቀድመን እንጠይቃለን።